የወረፋው ሊቅ ኮኒ ፓልም እና የስዊድን የሒሳብ መኪናዎች

ሰዎች ታላቅ የሚሉት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጦር የመራ፥ ወይ አገር የገዛ፥ ወይም ያልታወቀ ምድር ያሰሰ ነው። ነገር ግን የዘመናችንን ኑሮ ከሥሩ ከለወጡት መካከል ጥቂት የማይባሉት ሰይፍም ዙፋንም ያልነበራቸው፥ ዕድሜያቸውን ከወረቀትና ከሽቦ ጋር ሲታገሉ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ስዊድናዊው መሐንዲስና የሒሳብ ሊቅ ኮኒ ፓልም ነው። ስሙ በሒሳብና በስልክ ምሕንድስና መጻሕፍት ውስጥ ጸንቶ ይኖራል፤ የሕይወቱን ታሪክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ስለ እርሱ መጻፍ የወደድሁት ታሪኩ ለመምህራን የሚነግረው ቁም ነገር ስላለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ፓልም ዕድሜውን የሰጠለት ጥያቄ ለእኛ ለጅቡቲ ከተማ ነዋሪዎች እንግዳ አይደለም። ከተማችን የምትኖረው መተላለፊያ በመሆኗ ነው። መርከቦች ከወደቡ ፊት መልሕቅ ጥለው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ የጭነት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ ለመሻገር በጋላፊ ኬላ ይሰለፋሉ፤ በባሕር ውስጥ ተዘርግተው በዳርቻችን ላይ የሚወጡት የመገናኛ ገመዶችም የብዙ አገሮችን ድምፅና ጽሑፍ ያሳልፋሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። ፈላጊው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ አገልጋዩም ሁልጊዜ ነጻ አይደለም። እንግዲህ ማን ምን ያህል ይጠብቃል? አገልጋዩስ ስንት ቢሆን ይበቃል? ቢበዛ ገንዘብ ይባክናል፤ ቢያንስ ሰው ይጉላላል። ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን የምሬት ምክንያት ብቻ ሲሆን ለፓልም ግን የዕውቀት ምንጭ ሆነለት።

ነገሩን በመጀመሪያ በሒሳብ ሥርዐት የያዘው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነበረ። ከ1878 እስከ 1929 የኖረው ኤርላንግ አስቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን በ1908 ወደ ኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ገባ። በዚያን ዘመን የስልክ መስመር የሚገናኘው በማእከሉ የተቀመጡ ሴቶች ገመድ በእጃቸው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሰኩ ነበረ። ኤርላንግ በ1909 እና በ1917 ባወጣቸው ጽሑፎች ለሚመጣው የጥሪ ብዛት ስንት መስመር እንደሚያስፈልግ የሚያሳዩ ቀመሮችን አስገኘ። ከሞተም በኋላ በ1946 የስልክ ጭነት መለኪያው በስሙ ኤርላንግ ተባለ። የወረፋ ሒሳብ አባት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የተነሣ ሰው መሆኑን እኛ መምህራን ልናስታውሰው ይገባል። የኤርላንግን ሥራ ተቀብለው ወደፊት ካራመዱት መካከል አንዱና ዋናው ፓልም ነው።

ኮንራድ ፓልም፥ በተለመደው አጠራሩ ኮኒ፥ ሜይ 31 ቀን 1907 ተወለደ። በ1925 በስቶክሆልም በሚገኘው የንጉሣዊ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ለመማር ገባ። ይሁን እንጂ የመሐንዲስነት የምስክር ወረቀቱን የተቀበለው በ1940፥ ማለት ከገባ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነበረ። በዚያ መካከል መዝገቡን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይህ ተማሪ የትም አይደርስም ብሎ ቢያልፈው አያስደንቅም ነበር። እርሱ ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በ1930ዎቹ ዓመታት የምስክር ወረቀቱን ሳይዝ ለኤሪክሰን የስልክ ኩባንያ የስልክ ጭነትን ጥያቄ ይመረምር ነበር። ከዚህም ጋር በዘመኑ በስቶክሆልም የይሆናልነትን ሒሳብ ያስተምር ከነበረው ከሃራልድ ክራሜር ዘንድ ይሄድ ነበር፤ በኋላ በአሜሪካ ታላቅ ስም ያተረፈው ዊልያም ፌለርም በዚያው ክበብ ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ፓልም በአንድ በኩል ከስልክ ማእከል ሠራተኞች፥ በሌላው በኩል ከሒሳብ ሊቃውንት ጋር እየዋለ፥ የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሆነ። የምስክር ወረቀቱን በተቀበለ በሦስተኛው ዓመት፥ በ1943፥ ስለ ስልክ ጭነት መዋዠቅ በጀርመንኛ የጻፈውን የዶክተርነት ድርሰት አወጣ። ይህም ድርሰት እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

የድርሰቱን አሳብ በቀላል ቋንቋ መግለጥ ይቻላል። የአንድ ቤት ሰዎች በቀን ውስጥ መቼ ስልክ እንደሚያነሡ ማንም ሊተነብይ አይችልም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ልማድ አለው። ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የብዙ ሺህ ቤቶች ጥሪዎች በአንድ ማእከል ሲደባለቁ የእያንዳንዱ ልማድ ይጠፋና አንድ የጋራ ሕግ የሚከተል ጅረት ይፈጠራል። የሩስያው ሊቅ ኪንቺን ይህን አሳብ በኋላ በጥብቅ ማስረጃ ስላጸናው ሕጉ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል። ፓልም ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። የመጀመሪያው መስመር ሲያዝ የተረፉት ጥሪዎች ወደ ሁለተኛው፥ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሲፈስሱ ጅረቱ ጠባዩን እንደሚለውጥ፥ ማለትም ከተበታተነ ጥሪ ወደ ተጠራቀመ ጥሪ እንደሚለወጥ አሳየ።

ሌላው ትልቅ አስተውሎቱ አንድን ነገር ከውጭ ሆኖ በማንኛውም ሰዓት መመልከትና ነገሩ በሚሆንበት ቅጽበት መመልከት አንድ አለመሆኑ ነው። ይህን ለተማሪዎች በከተማችን ትንንሽ አውቶቡሶች ማስረዳት ይቻላል። በአንድ መንገድ ላይ አውቶቡሶች አንድ ጊዜ በ2 ደቂቃ፥ አንድ ጊዜ በ18 ደቂቃ ልዩነት እየተፈራረቁ ይመጣሉ እንበል። ሾፌሮቹን ብንጠይቅ በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ አውቶቡስ አለ ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። እንግዲያው መንገደኛው በአማካይ 5 ደቂቃ ብቻ ሊጠብቅ ይገባዋል ያሰኛል። ነገር ግን መንገደኛው ሳያውቅ ወደ መንገዱ ሲወጣ ከዐሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚወድቀው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ አማካይ ጥበቃው 8 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይሆናል። ሾፌሩም መንገደኛውም አልዋሹም፤ የሚለያዩት በቆሙበት ቦታ ነው። በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የፓልም ስሌት ተብሎ በስሙ የሚጠራው ትምህርት የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ፓልም የሰውንም ጠባይ ከስሌቱ አላስወጣም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ቀመሮች ወረፋ የያዘ ሰው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል ብለው የሚነሡ ነበሩ። እርሱ ግን ሰው ሲሰለች ስልኩን ዘግቶ እንደሚሄድ አውቆ ትዕግሥትን ራሱን በቁጥር የሚገለጥ ነገር አደረገው። ደግሞ በ1947 ባወጣው ጥናት አንድ ሠራተኛ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ስንት መኪናዎችን ሊጠብቅ ይችላል የሚለውን ጥያቄ መለሰ። በዚህ ጥናት ወረፋ የሚይዙት ሰዎች ሳይሆኑ የተበላሹ መኪናዎች ናቸው፤ አገልጋዩም ጠጋኙ ነው። መኪናዎቹ ሲበዙ ሁለት በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ፤ አንዱ ሲጠገን ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ይህ ጥናት ፓልም በኋላ ለገባበት ሥራ ትንቢት ይመስል ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ጊዜ የሳይንስና የምሕንድስና ሒሳብ ከሰው ጉልበት በላይ ሆኖ ነበር። የአውሮፕላን ክንፍ፥ የአየር ጠባይ ትንበያ፥ የመድፍ ጥይት መንገድ፥ የስልክ መረብ ይህ ሁሉ ማለቂያ የሌለው ማባዛትና መደመር ይጠይቅ ነበር። በአሜሪካ በ1946 በኤሌክትሮን ኀይል የሚሠራው ታላቅ የማስሊያ መኪና ለሕዝብ ሲገለጥ የስዊድን ሊቃውንት እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአገራቸው እንዲገኝ ተመኙ። በ1947 ጐስታ ኔኦቪየስ፥ ኤሪክ ስቴሜና ካርል-ኤሪክ ፍሮበርግ ያሉባቸው አምስት ወጣቶች ነገሩን እንዲማሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በመጀመሪያ የታሰበው መኪናውን ከዚያ ገዝቶ ለማምጣት ነበር፤ ነገር ግን የሚሸጥ አልተገኘም። በ1948 መንግሥት የሒሳብ መኪናዎች ቦርድ አቋቋመ፤ የሥራውም ቡድን መሪ ኮኒ ፓልም ሆነ።

እዚህ ላይ የፓልም ጠባይ ጎልቶ ይታያል። በኤሌክትሮን ኀይል የሚሠራ መኪና ለመሥራት ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ጥናት ያስፈልግ ነበር። ሒሳቡ ግን በየዕለቱ ይከማቻል። የጥበቃን ዋጋ በቁጥር ያሰላው ሰው ቆሞ መጠበቅን አልመረጠም። በእጁ ያለውን፥ ጠባዩንም ጠንቅቆ የሚያውቀውን የስልክ ማእከል ዕቃ አነሣ። ይህ ዕቃ ሪሌ ይባላል፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ትንሽ የብረት ምላስ ስቦ መንገድ የሚከፍት፥ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መልሶ የሚዘጋ ቀላል መሣሪያ ነው። መከፈቱ አንድ፥ መዘጋቱ ዜሮ ተብሎ ከተወሰደ፥ ቁጥር ሁሉ በዜሮና በአንድ ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል፥ ሪሌዎች ተያይዘው ሊደምሩና ሊያባዙ ይችላሉ።

መጀመሪያ ለመኪናው የታሰበው ስም ኮኒያክ ነበረ። የፓልምን የቁልምጫ ስም ከማስሊያነቱ ጋር ያጣመረ ምሕጻር ሲሆን የፈረንሳይን መጠጥ የሚያስታውስ ቀልድም ነበረበት። ንድፉ ተሻሽሎ ሲሠራ ግን ባርክ ተባለ፤ ቃሉ በስዊድንኛ የዛፍ ቅርፊት ማለት ነው። ባርክ በስቶክሆልም የንግሥት መንገድ በሚባለው ጎዳና፥ በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ቆመ። 8 ሺህ ያህል ሪሌዎች፥ 80 ኪሎ ሜትር ሽቦና 175 ሺህ የብየዳ ነጥቦች ነበሩት፤ ዋጋውም 400 ሺህ የስዊድን ክሮነር ነበረ። በ1950 በፌብሩዋሪ ወር ሥራው አለቀ፤ ኤፕሪል 28 ቀንም ተመረቀ።

ባርክ አንድ ማባዛት በሩብ ሴኮንድ፥ አንድ መደመር ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይፈጽም ነበር። የሚያስታውሰው 50 ተለዋዋጭ ቁጥሮችንና 100 ቋሚ ቁጥሮችን ብቻ ነበረ፤ ይህም በኋላ በእጥፍ አደገ። የሥራው ትእዛዝ በወረቀት አይሰጠውም ነበር፤ ሠራተኞቹ እንደ ጥንቱ የስልክ ማእከል ሴቶች ገመዶችን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሰኩ ያዘጋጁለት ነበር። ጥያቄው ሲለወጥ ገመዱም እንደገና ይሰካል። ለዛሬ ሰው ይህ አድካሚ ይመስለዋል። ነገር ግን ባርክ አንድ ታላቅ ምግባር ነበረው፤ ይሠራ ነበር። ሌሎች አገሮች በወረቀት ላይ በነበሩበት ጊዜ ስዊድን እውነተኛ ሥራ የሚሠራ መኪና ነበራት፤ ከሁሉም በላይ መኪናውን እየሠሩ የተማሩ ሰዎች ነበሯት።

እነዚሁ ሰዎች በፓልም መሪነት ወደ ሁለተኛው መኪና ተሻገሩ። ይህኛው በሪሌ ፋንታ የሬዲዮ አምፑል የሚጠቀም፥ ንድፉም በአሜሪካ በፕሪንስተን ከሚሠራው መኪና የተቀዳ ነበር። ስሙ ቤስክ ተባለ፤ በስዊድንኛ መራራ ማለት ሲሆን የአንድ መራራ አረቄም ስም ነው። ኮኒ ፓልም ግን የዚህን መኪና ፍጻሜ አላየም። ዲሴምበር 27 ቀን 1951 በ44 ዓመቱ ዐረፈ። ወረፋን ሁሉ ያሰላው ሰው የራሱ ተራ በማይጠበቅበት ሰዓት ደረሰ። መሪነቱን ስቲግ ኮሜት ተረከበ፤ ኤሪክ ስቴሜ የመኪናውን አካል፥ ጐስታ ኔኦቪየስና ኦለ ካርልክቪስት ደግሞ የትእዛዞቹን ሥርዐት ሠሩ። መሪው ቢሞትም ሥራው አልተቋረጠም፤ ይህም ፓልም ዕውቀቱን በራሱ ብቻ ይዞ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ቤስክ በ1953 ተሠርቶ አለቀ፤ ኤፕሪል 1 ቀን 1954 ተመረቀ። በዚያው በ1954 ስዊድንና ኢትዮጵያ በኅብረት ያቋቋሙት የሕንፃ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ቤስክ 2400 የሬዲዮ አምፑሎችና 400 የጀርማንየም ዳዮዶች ነበሩት። ማባዛትን ከባርክ ሰባት መቶ ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይፈጽም ስለነበር ለአጭር ጊዜ ከዓለም መኪናዎች ሁሉ ፈጣኑ ነበረ። እያንዳንዱ ቁጥር 40 የዜሮና የአንድ ቦታዎች ነበሩት። ትእዛዙ ግን 20 ቦታ ብቻ ስለሚፈልግ በአንድ ቁጥር ስፍራ ሁለት ትእዛዝ ይቀመጥ ነበር። ከባርክ የተለየበት ዋና ነገር ትእዛዙም እንደ ቁጥሩ በመኪናው ማኅደር ውስጥ መጻፉ ነው፤ እንግዲህ ጥያቄ ሲለወጥ ገመድ መንቀል ቀረ። ሠራተኞቹ ግን በዐሥር ፋንታ በዐሥራ ስድስት አኀዞች መቁጠር መልመድ ነበረባቸው።

ማኅደሩ የመኪናው አስገራሚና አስቸጋሪ ክፍል ነበረ። እንደ ቴሌቪዥን መስታወት ያሉ 40 ቱቦዎች ነበሩት፤ በእያንዳንዱም ላይ 512 የኤሌክትሪክ ነጥቦች ይጻፉ ነበር። ነጥቦቹ ወዲያው የሚደበዝዙ ስለሆኑ መኪናው ሳያቋርጥ እያነበበ እንደገና ይጽፋቸዋል፤ ትምህርቱን በየጊዜው ካልከለሰ እንደሚረሳ ተማሪ መሆኑ ነው። ከ40ዎቹ አንዱ ቢታመም የቁጥሮቹ ሁሉ አንዱ ቦታ ስለሚሳሳት 8 መለዋወጫ ቱቦዎች ተዘጋጅተው ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ መኪናው በአማካይ 5 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይበላሽ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ይህ እስኪስተካከል እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሥራውን በክፍል በክፍል ከፍለው በየመካከሉ ማረፊያ አበጁለት፤ መኪናው ቢወድቅ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ማረፊያ ይቀጥላል። በ1954 ውስጥም ጠባዩ እየረጋ ሄደ። ፓልም በ1947 ስለ ተበላሹ መኪናዎችና ስለ ጠጋኞቻቸው የጻፈው ነገር በራሱ መኪና ቤት በየቀኑ ይታይ ነበር።

ማኅደሩ ደግሞ ከመጀመሪያው ጠባብ ነበረ። በ1956 ካርል-ኢቫር ቤሪማን ከትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ አዲስ ማኅደር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲያቆም ታዘዘ። ሥራው በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ቀጭን ሽቦዎችን እያሾለኩ እንደ ጨርቅ መሸመን ነው። ጊዜው ሲያጥር ሹራብ መሥራት የሚችሉ የቤት እመቤቶች ተቀጠሩ፤ ማኅደሩም በእጃቸው ተሠራ። ከገቡት ነጥቦች አንዱ አልሠራ ቢል ተቆርጦ ወጣና በሌላ ተተካ። በዓለም ፈጣን ከሚባሉት መኪናዎች የአንዱ ማስታወሻ ሹራብ በለመደ ጣት መሠራቱ የእጅ ጥበብና የሒሳብ ጥበብ ሩቅ እንዳልሆኑ ያስረዳል።

የቤስክ ሥራ ብዙ ነበረ። የአየር ጠባይ ሊቁ ካርል-ጉስታፍ ሮስቢና ባልደረቦቹ በ1954 የነገውን የአየር ጠባይ በመኪና አስልቶ በጊዜው የማውጣትን ሥራ ጀመሩበት። የአውሮፕላን ክንፍና የመንገድ ቅርጽ ተሰላበት፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ የመከላከያ የሬዲዮ ክፍል ምስጢራዊ መልእክቶችን ይፈታበት ነበር። በ1957 ሀንስ ሪሰል 969 አኀዝ ያለው፥ እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር፥ ማለት ከራሱና ከአንድ በቀር የማይካፈል ቁጥር፥ አገኘበት። በሉንድ ስሚል፥ በሊንሼፒንግ ሳራ፥ በዴንማርክም ዳስክ የተባሉት መኪናዎች የቤስክን ንድፍ ተከትለው ተሠሩ። ባርክ በሴፕቴምበር 1954 ሥራውን አቆመ፤ ቤስክም እስከ 1966 አገልግሎ ዐረፈ።

የፓልምን ዕድሜ ስንመዝን መኪናዎቹ አልፈዋል። ከእነርሱ የሚበልጥ ኀይል ዛሬ በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ አለ። ያላለፈው አሳቡ ነው፤ በባሕር ገመድ የሚፈስሰውን መልእክት፥ በሐኪም ቤት የሚሰለፈውን በሽተኛ፥ ወደብ የሚጠብቀውን መርከብ የሚያሰሉ ሰዎች እስከ ዛሬ በስሙ በሚጠራው ሒሳብ ይጠቀማሉ።

ለእኛ ለመምህራን ከዚህ የሚቀረን ትምህርት ግልጥ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የዘገየ ተማሪ ሰነፍ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት በዚያ ጊዜ ምን ሲመረምር እንደ ኖረ እንጠይቅ። የሥራ ማሠልጠኛ ዕቃ፥ የላቦራቶሪ መሣሪያ፥ አዲስ ኮምፒዩተር ይመጣል እየተባለ ትምህርት የሚቆምባቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ፓልም የሚሸጥ መኪና ሲያጣ በስልክ ዕቃ ጀመረ፤ የጀመረውም ዝግ ያለ መኪና ፈጣኑን የሚሠሩ ሰዎችን አስተማረ። በክፍላችን ያለን ጠመኔ፥ ሽቦ፥ ባትሪና የአውቶቡስ መንገድ ቢሆን ዜሮንና አንድን፥ ወረፋንና ትዕግሥትን ለማስተማር ይበቃናል። የሚመጣው መሣሪያ በመጣ ጊዜ የሚያውቁበት ልጆች አስቀድመው እንዲገኙ ማድረግ የመምህር ድርሻ ነው፤ ይህም ድርሻ ወረፋ የለውም።